ንጋት ያልጠበቀ መርዶ

«መርዶውን ያረዳቻት የገዛ ልጇ ናት አሉ!»

አንዷ ለቀስተኛ ያንሾካሾከች መሰላት እንጂ ቤቱ ሙሉ ሰምቷታል። ሰይዳ ከምንጣፉ ብድግ አለች፤ ወዴት እንደምትሄድ ግራ ገባትና ተመልሳ ቁጭ አለች። የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነው። ሦስቱንም ቀን እንዲሁ ብድግ ቁጭ ስትል ነው የከረመችው፤ እንባዋ እንኳ እንደ ሰው ወግ አልወጣላትም።

ጥፋቱስ የእንድሪስ ነበር። የባሏ የበድረዲን ታላቅ ወንድም ነው። ሚሊሻ ሆኖ ወደ ሰሜን የዘመተው በድረዲን መሞቱን የሚናገረው ደብዳቤ የተሰጠው ለእሱ ነበር። ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ንጋት ላይ፣ በወጉ ሊያረዳት ተማክሯል። ግን አላስችል አለውና ከሰዓት በኋላ «እንዴት ዋላችሁ» ሊል ጎራ አለ። የቆቦ ሙቀት መቼ ያስቀምጣል! ኮቱን አውልቆ ግድግዳው ላይ ሰቀለ፤ ወረቀቱ ከኪሱ ወደቀ።

የስምንት ዓመቷ ኡሙሰልማ ደግሞ ወረቀት አይታ አታልፍም። እንዲህ ያደረጋት አባቷ ነው። በድረዲን ገበያ ላይ ጆንያ ተሸካሚ ነበር፤ ፊደል የቆጠረው ጎልምሶ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። በየቀኑ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አብረው ያነቡ ነበር፤ መጽሐፉ ሲያልቅ የሳሙና ካርቶን፣ የስኳር መጠቅለያ። ሲዘምት እንኳ መኪናው ላይ ሆኖ «አንድም ቀን እንዳታሳልፊ፣ ጉድሽ ነው!» ብሎ ሲጮህባት ሸኚው ሁሉ ስቋል።

ያን ቀን ወረቀቱን አንስታ ፊደል በፊደል ስትለቅም ቆየችና፣ «እማዬ፣» አለች በኩራት፣ «አባዬ ተሰዋ ይላል። ተሰዋ ምን ማለት ነው?»

ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አላነበበችም። ይኼ ነው ሰይዳን መቀመጫ ያሳጣት። ሰውዬው ሞቶባታል፤ የለፋበት ነገር ደግሞ ዓይኗ እያየ ሊሞት ነው።

«ኡሙሰልማ! መጽሐፍሽን ይዘሽ ነይ።»

«ለቅሶ ቤት ውስጥ?» አለ እንድሪስ። ነፋስ ፍለጋ በሩን ሞልቶ ተቀምጧል። «እስካሁን ያደረገችው አይበቃም?»

«አያ እንድሪስ፣ ይተዉኝ! ኮቱን የሰቀለችው ልጄ ናት እንዴ?»

ልጅቱ መጽሐፏን አቅፋ መጣች፤ አፏ ግን አልከፈት አለ።

«ሌላ ሰው ቢሞትስ?» አለች በመጨረሻ።

ያኔ የሰይዳ እንባ ዱብ ዱብ አለ። «የኔ እናት፣ አባትሽ የሞተው አንቺ ወረቀቱን ሳታዪው ነው። አንቺ አልገደልሽውም። ወላሂ አልገደልሽውም!» ጎትታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። «በይ፣ ሦስት ቀን አሳልፈሻል።»

ኡሙሰልማ ገለጠች። «ላ... ሟ... ው...» ብላ ቆመች። መጽሐፉን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፣ መልሳ አራቀችው። «ጨለማ ነው፣ አይታየኝም።»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። እንድሪስ ኩታውን ሰብስቦ ተነሳና በሩን ለቆ ጠራራው ፀሐይ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።