ያልተነበበው የሰርቦ ውጤት

«ደሙን ሸጠችው እኮ» አለች ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ሴትዮ። ሚኒባሱ ገና ከጅማ ሳይወጣ ይህን ስትል ሁለተኛዋ ነው። «የሁለት መቶ ሰው ደም ቀድታ፣ በበረዶ ጠቅጥቃ፣ አዲስ አበባ ወስዳ ሸጠችው።»

ሩሐማ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች። ደሙን የቀዳችው እሷ ናት።

ዳገቱ ሲያልቅ ደሙ አረብ አገር ደርሶ ነበር። «ወላሂ ጅዳ ነው የሸጠችው። እዚያ ያለ ሀብታም የኛን ደም ካልወሰደ አይድንም አሉ።» ሰርቦ መግቢያ ላይ ደግሞ ዶክተሯ ባለሦስት ፎቅ ቤት ሠርታ፣ ከታች ያለውን ለባንክ አከራይታለች። ሩሐማ የምትኖረው ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ ክረምት ሲመጣ ባልዲ በሚደረደርበት የኪራይ ቤት ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ዞር ብላ፣ ሴትዮዋን ከነፎቋ አፈር ታስበላት ነበር፤ የምላሷን ስለት የቀመሱ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ዛሬ ዋጠችው። ወሬው ውሸት ነው፤ እሷ የምታውቀው እውነት ግን ከወሬው ይብሳል።

ነገሩ የተጀመረው ሚሌኒየሙ በተከበረበት ዓመት፣ የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። ሩሐማ ያኔ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበረች። ምኞቷ አንድ ብቻ ነው፤ ቫይረስ የሚያጠና ሰው መሆን። ለዚያ ደግሞ በጉበት ቫይረስ ጥናቷ ሁለት መቶ ሰው ክንዱን ሊሰጣት ይገባል። የሰርቦ ሰው አልሰጥም አለ። ሦስት ቀን ባዶ ሳጥን ተሸክማ ተመለሰች። በአራተኛው ቀን ወደ አገር ሽማግሌው አባቦራ መሯት። ገበያ ውስጥ ሁለት ሰው ቢጣላ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

ሽማግሌው ሁሉን ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ውጤቱን ታነቢልናለሽ?»

በጥናቱ እቅድ መሠረት ስም አይመዘገብም። ብልቃጡ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብቻ ነው፤ ውጤቱም ለማንም አይነገርም። እቅዱን ያረቀቀችው ራሷ ናት፤ ለሥራም ይቀላል። መመለስ የነበረባት «አይነበብም» ብላ ነው።

«እንዴታ አባቦራ» አለች። «መጥቼ ለእያንዳንዱ አነባለሁ።»

በማግስቱ በሰው ሁሉ ፊት መጀመሪያ እጅጌያቸውን የጠቀለሉት እሳቸው ነበሩ። እሳቸውን ያየ ተሰለፈ። ሁለት መቶ አስራ ሁለት ብልቃጥ ሞላ፤ አስራ አንዱ ውስጥ ቫይረሱ ተገኘ። ጥናቱ ውጭ አገር ታተመ፣ ሌላ ጥናት ወለደ፣ ያም ቤልጂየም አድርሷት በዶክትሬት መለሳት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ደብዳቤዋ ደረሳት። የሰርቦ ጉዳይ ትዝ ሲላት «ማን የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» ትላለች። ጨመር አድርጋም፣ «ባውቅስ፣ ያኔ አገሩ ላይ መድኃኒት ነበር?» ትላለች።

ግን የአንዱን ሰው ታውቃለች። መጀመሪያ ክንዳቸውን የሰጡት አባቦራ ናቸው። ብልቃጥ ቁጥር አንድ ቫይረሱ ነበረበት።

ከሁለት ሳምንት በፊት ተማሪዎቿን አስከትላ በውስጥ ደዌ ክፍል ስታልፍ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሆዱ ከብርድ ልብሱ በላይ ያበጠ ሽማግሌ ጠራት።

«ኢንተላ ኮ፣ መጣሽ? ውጤቱን ይዘሽ ነው?»

በድምፃቸው አወቀቻቸው። ልጄ ብለው ሲጠሯት ምንም ቅያሜ አልነበረበትም፤ ዛሬ ቀጠሮ ያላቸው ነው የሚመስሉት።

«ነገ አመጣለሁ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ኮሪደር አልፋ አታውቅም። መሞታቸውን የነገራት እዚያው ክፍል የሚሠራው ዶክተር ጎሳዬ ነው። «ያ የሰርቦው ሰውዬሽ አረፈ። ሰው በገባ ቁጥር በሩን ያይ ነበር» አላት።

ዛሬ የድሮ የላብራቶሪ መዝገቧን የውጤት ገጽ ቦርሳዋ ውስጥ አጥፋ ይዛለች። ለልጆቻቸው «አውቅ ነበር» ልትል ነው የመጣችው።

ሰርቦ ሲወርዱ ሴትዮዋም ወረደች። ሱዓድ ትባላለች፤ ኮረሪማ ነጋዴ ናት።

«ወዴት ነሽ?»

«አባቦራ ቤት። ለቅሶ።»

«እኔም ጎረቤታቸው ነኝ፤ ነይ አብረን እንሂድ። ምናቸው ነሽ?»

«አውቃቸው ነበር» አለች ሩሐማ። መንገዱን ሁሉ ስለ ፎቁ ስትሰማ ሄደች።

ወንዶቹ ደጅ በተወጠረው ሸራ ሥር ተቀምጠዋል። የሟቹ ልጅ አብዱልሃዲም እዚያው ነው። ሴቶቹ ቤት ውስጥ ሰሌን ላይ ናቸው። ትልቋ ልጅ ፈድሊያ ገና ከበሩ ስታያት አወቀቻት።

«አላህ ጀነት ያግባቸው» አለች ሩሐማ።

«አሚን። ተቀመጪ ዶክተር። ስትዘገዪ ስትዘገዪ ለለቅሶው ደረስሽ።»

ሱዓድ ግማሽ ተቀምጣ ቀረች። «ማሎ፣ በአላህ! ይቺ ናት?»

«እኔ ነኝ» አለች ሩሐማ። «ስሙኝ። ደሙን አልሸጥኩትም። አነብላችኋለሁ ያልኩት ግን ውሸት ነበር። እንደማይነበብ እያወቅኩ ነው ያልኩት።»

 ሱዓድ ቁጭ አለች።

«ብትሸጪው ይሻል ነበር። የተሸጠ ነገር ማን ቤት እንደገባ እንኳ ይታወቃል።»

ሩሐማ የሚገባኝ ይኸው ነው ብላ ተቀበለችው። ወደ ፈድሊያ ዞረች። «የአባትሽን ውጤት ግን አውቅ ነበር። ቁጥር አንድ እሳቸው ናቸው። በሽታው እንዳለባቸው ስምንት ዓመት አውቄ ዝም አልኩ።»

«ይኼን ልትነግሪን ነው የመጣሽው?»

«አዎ።»

ፈድሊያ አልተቆጣችም። ተቆጥታ ብትሰድባት ሩሐማ ሳይቀላት አይቀርም ነበር።

«አባባ ያውቅ ነበር» አለች ፈድሊያ። «አጎቴ ጠሃ መኪና የተገለበጠበት ጊዜ፣ ደም ልስጥ ብሎ ሲሄድ በሽታው እንዳለበት ነገሩት። ያንቺ ነጭ ጋዋን ሰርቦን ሳይረግጥ በፊት። ለኔ ብቻ ነው የነገረኝ።»

«ታዲያ ለምን ሰጡ?»

«ለኛ ነዋ። ‹የኔን አውቀዋለሁ፣ የልጆቼን ልወቅ› አለ። እንዳንደባለቅ ብሎ በዕድሜያችን ደረደረን። ከሱ ቀጥሎ እኔ፣ ከኔ ቀጥሎ አብዱልሃዲ፣ ከዚያ ዩምና። ሆስፒታልም ተኝቶ በሩን ሲያይ የነበረው የራሱን ሊሰማ አይደለም።»

ሩሐማ ገጹን ከቦርሳዋ አወጣች። ስምንት ዓመት ስታየው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር ሰው የሆነላት። አስራ አንዱ ቁጥሮች በቀይ ተከበዋል፤ አንድ፣ አራት፣ አስራ ዘጠኝ... ዓይኗ አራት ላይ ቆመ።

ወረቀቱን አጥፋ፣ እግዜር ያጽናችሁ ብላ ብትወጣ የሚያስቆማት የለም። ማንም አልጠየቃትም። በሩ ላይ ያኔ አስራ አምስት ዓመቷ የነበረችው ዩምና የውኃ ጆግ ይዛ ቆማለች፤ ልጅ አዝላለች።

«ዩምና» አለች ሩሐማ። «ለብቻሽ ላናግርሽ።»

«እዚሁ ተናገሪ። አባባም በሰው ፊት ነው ክንዱን የሰጠሽ።»

ሩሐማ ገጹን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። «ቁጥር አራት አንቺ ነሽ። ቫይረሱ አለብሽ። አሁን መድኃኒት አለ፤ ሕፃኑም መታየት አለበት። ነገ ጠዋት ላብራቶሪው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።»

ዩምና ጆጉን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

«አውቀዋለሁ» አለች።

ፈድሊያ ቀና አለች። «ምኑን?»

«የዛሬ አራት ዓመት፣ ጅዳ ለሥራ ልሄድ የነበረ ጊዜ። አዲስ አበባ መረመሩኝና አታልፊም አሉኝ። እኔን ብቻ የያዘ፣ ነውር የሆነ ነገር መሰለኝ። ለአባባ አውሮፕላን ፈርቼ ተመለስኩ አልኩት።» ልጁን ጀርባዋ ላይ አስተካከለች። «አምኖኝ ነበር። እስኪሞት ድረስ ‹ፈሪዋ› እያለ ነው የጠራኝ።»