ለዋይስ የሚስማማ አየር

ጅቡቲ ከተማ ከሆነች ጀምሮ ለቃድራ ባል የሚስማማ አየር ነፍሶባት አያውቅም፤ እሱ እንደሚለው ከሆነ ማለት ነው። ዋይስ ወደብ ውስጥ ካለ ቢሮ እስከ ቀትር ተቀምጦ ይቆያል፣ ቤቱ ገብቶ ይጋደማል፣ በመሀል ስለ ሙቀት ያወራል።

ልጃቸው ኢፍራህ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ በየዓመቱ ጥር ላይ በባሕሩ ዳር የሚያዘጋጀው ሩጫ አለ። ልጅ ከወላጁ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ይሮጣል፣ እጅ የለቀቀ ይወጣል። አምና ኢፍራህ የሌሎችን ቦርሳ ስትጠብቅ ዋለች። አባቷ ያን ጊዜ ትንሽ አፈረና "ለከርሞ እኔና አንቺ ነን፤ ከሐምሌ ጀምረን እንለማመዳለን" ብሎ ቃል ገባላት። ልጅ ናትና አመነችው።

ሐምሌ ገባ። ነፋሱ አሸዋውን እየዘገነ ፊት ላይ ይደፋል። ዋይስ ሽርጡን አገልድሞ ቬንትሌተር ሥር ተዘርግቷል።

"አባዬ፣ ጫማዬን አድርጌያለሁ።"

"በዚህ ሙቀት? ልትገድዪኝ ነው እንዴ? ሲቀዘቅዝ እንሮጣለን፣ የኔ እመቤት።"

የውሃ ብርጭቆው ከክንዱ ትንሽ ከራቀ እንኳ ቃድራን የሚጣራ ሰው ነው። ታዲያ ሰባት ሰዓት ላይ የጫቱ መኪና ጥሩንባ ከመንገዱ ማዶ ሲሰማ ያ ሬሳ ብድግ ይላል። አርባ ሁለት ዲግሪ ነው! ሽርጡን በአንድ እጁ ሰብስቦ፣ ነጠላ ጫማውን እያንጣጣ፣ ጎረቤቱን በክርኑ ገፍቶ ከሁሉ ቀድሞ ሻጯ ዘንድ ይደርሳል። ቃድራ በመስኮት ታየዋለች። ለዚህ ሰው ነው የተዳርኩት ትላለች በሆዷ።

አንድ ቀን ኢፍራህም አጠገቧ ቆማ አየችው። በደስታ ዘለለች።

"እማዬ፣ አባዬ እኮ ፈጣን ነው! እናሸንፋለን!"



ታኅሣሥ ላይ ሙቀቱ ወደ ሃያ አራት ወረደ። ልጆቹ ሁሉ ውጭ ናቸው። ዋይስ ግን ጃኬት ለበሰ፣ ሻርፕ ጠመጠመ፣ ሳልም ጀመረ።

"ሳንባዬ ብርድ አይችልም" አለ።

"ሳንባህ ምን ይችላል?" አለች ቃድራ። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ ከተቀመጠችበት ለመነሳት ግድግዳ ትደገፋለች። "በሙቀቱ ልቤ ትላለህ፣ በብርዱ ሳንባዬ። ምላስህን ግን አንድም ቀን አየር መትቶት አያውቅም።"

"አንቺ ሴትዮ፣ የጤና ነገር ነው የማወራሽ።"

"እኔ ይህን ሆድ ተሸክሜ ገበያ ደርሼ መጣሁ። አንተ የተሸከምከው ሻርፕ ነው።"

ዋይስ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

የሩጫው ቀን ሲደርስ ካፊያ ወረደ። ዋይስ በመኪና አደረሳቸውና ሞተሩን ሳያጠፋ፣ መስታወቱን እንደዘጋ ቁጭ አለ። ውጭ ወላጆቹ እየረጠቡ ይሳሳቃሉ፤ አንዲት አሮጊት እንኳ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ የልጅ ልጇን እጅ ይዛለች። ቃድራ መስታወቱን ደበደበች፣ ጥቂት አወረደው።

"ውረድ!"

"በዝናብ? ልጅቷንም ታሳምሚያታለሽ።"

ኢፍራህ ከመነሻው መስመር እየሮጠች መጣች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችምም። ዘዴ ያገኘች መስሏት ነበር።

"አባዬ፣ የጫቱ መኪና መጣ ብለህ አስብ! ያን ጊዜ እኮ ምንም አይልህም። እንደዚያ ሩጥ፣ እኔ እጅህን እይዛለሁ።"

የተሰለፈው ሁሉ ሰማ። አንዱ አባት ሳቁ አመለጠው፣ ከዚያ ሌሎቹም ተከተሉት። ኢፍራህ ምን እንዳጠፋች ግራ ገብቷት ፊታቸውን ታይ ጀመር። የዋይስ እጅ ወደ በሩ መክፈቻ ሄደ። ቃድራ ለአንድ አፍታ ይወርዳል ብላ ተስፋ አደረገች፤ በዚያ ተስፋዋ በኋላ ራሷን ናቀች። እሱ ግን መስታወቱን ዘጋው።

ቃድራ የልጅቷን እጅ ያዘች።

"ነይ።"

"እማዬ፣ አንቺ እኮ መሮጥ አትችዪም።"

"ማን እንሩጥ አለሽ? እንሄዳለን።"

ሄዱ። ሁሉም ጥለዋቸው አለፉ፣ አሮጊቷም ጭምር። ካፊያው ልብሳቸውን ከገላቸው አጣበቀው፣ የቃድራ ወገብ ተቆረጠ፣ ግን እጅ አልተለቀቀም። መጀመሪያ ላይ ኢፍራህ በየጥቂቱ እየዞረች መኪናውን ታይ ነበር። ግማሽ ላይ ማየቱን ተወችው። መጨረሻው መስመር ላይ አስተማሪዋ ብቻ ቆማ ስትጠብቃቸው፣ ልጅቷ ነፃ የሆነውን እጇን እናቷ ሆድ ላይ አሳረፈች።

"ይሄኛው ትምህርት ቤት ሲገባ አብሬው የምሮጠው እኔ ነኝ" አለች። "አባዬን እንዳይጠይቀው ቀደም ብለን እንነግረዋለን።"