ሚስተር ጄፍሪ ፊልም ማሳጠር የጀመሩት እንዴት ነው?

የትነበርሽ ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ ውስጥ፣ ቱይስዞርክ በሚሉት አረጋውያንን በየቤታቸው የመንከባከብ ሥራዋ ከቤት ቤት እየዞረች፣ በየጠዋቱ ለስድስት አረጋውያን እግር እንዳያብጥ የሚደረግ ጥብቅ ካልሲ ታለብሳለች። አራተኛው እንግሊዛዊው የፊልም ፕሮዲዩሰር ሚስተር ጄፍሪ ናቸው። በአርባ ዓመት አሥራ ዘጠኝ ፊልም ሠርተዋል፤ አንዱንም እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ ያየላቸው ሰው የለም።

አንድ ቀን ካልሲውን ስትጎትት አዲስ ድርሰት ያነቡላት ጀመር። ሁለት ፍቅረኞች ባቡር ጣቢያ ተጠፋፍተው ሃያ ዓመት ይፈላለጋሉ። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም ነው።

«ለምን አይደውልላትም?» አለች የትነበርሽ ከተረከዛቸው ጋር እየታገለች።

«ስልኳን አያውቅማ!»

«እህቷን ያውቃት የለ? እሷን ይጠይቃታ።»

ሚስተር ጄፍሪ እርሳስ አንስተው ይሰርዙ ጀመር። ፊልሙ ዘጠኝ ደቂቃ ሆነ። ዴልፍት ከተማ ሲታይ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ፤ ከሁሉም በላይ ደስ ያሰኘው ለእራት ቤቱ መድረሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ድርሰት ሁሉ በእሷ በኩል ያልፍ ጀመር። መንፈስ የሰፈረበት ቤት ታሪክ ሲመጣ እሳቸው ቀደሟት፤ «ቤተሰቡ ቤቱን ለቆ ይሂድ፣ አይደል?»

«ወዴት? የቤት ወረፋው አሥራ አንድ ዓመት ነው! ምድር ቤቱን ለመንፈሱ ይስጡትና ተስማምተው ይኑሩ።»

አራት ደቂቃ። ሽልማት አገኘ።

ልጇ ሩሐማ ይህን ስትሰማ ተቆጣች። «ማማ፣ ኤኽት፣ የምሬን ነው፣ የሰውየውን እንጀራ ልትዘጊበት ነው!»

የትነበርሽ ደነገጠች። በማግስቱ ሚስተር ጄፍሪ የአንድ ንጉሥና የሦስት ልጆቹን ታሪክ ሲያነቡ ካልሲውን ብቻ ትጎትት ጀመር።

«እህስ፣ ምን ይቅር?»

«ኧረ ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

አዛውንቱ እርሳሳቸውን አንስተው ድርሰቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰረዙት። ከዚያ «ልክ ነሽ» አሉ። «ምንም አያስፈልግም።»

ፊልሙ ሮተርዳም ታየ። መብራት ጠፋ፤ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር በጥቁር ሸራ ላይ ቀስ ብሎ አለፈ፤ መብራት በራ። የትነበርሽ የገዛ ስሟን ከሾፌሩ በላይ አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሚስተር ጄፍሪ ከፊት ወንበር ተነስተው እጅ ነሱና፣ ከእንግዲህ የቀረኝ የለም ብለው ከሥራው በክብር መሰናበታቸውን አስታወቁ።

ከጎኗ የተቀመጡ የሆላንድ ባልቴት እንባቸውን ጠረጉ።

«የመብራት ሠራተኛው ስም» አሉ፣ «እሱ ላይ አልቻልኩም።»