ያደረ ደብዳቤ

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ክብሪት በሚል ቅጽል ስሙ ነው። ስሙ የወጣለት በቅጥነቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ቁጣው ቶሎ ተቀጣጥሎ ቶሎ የሚጠፋ ስለሆነም ነው። የልጅነት ጓደኛው ሰዓት ሠሪው ደግሞ ቀስ በሉ ይባላል። አንዱን ብሎን ፈትቶ ሌላውን እስኪያነሣ ደንበኛው ያረጃል እያሉ ያሙታል። ሁለቱ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተካፍለው፣ አንዱ በመርፌ ሌላው በወረንጦ እየሠሩ ብዙ ዘመን ኖረዋል። ሰዓት ሠሪው ሚስቱንና ልጁን ይዞ ከወንዙ ማዶ ወዳለው የሚስቱ ከተማ ከሄደ በኋላ ግን ወዳጅነታቸው በደብዳቤ ሆነ።

አፉን የማይገዛ ሰው ብዕሩን እንዴት ይግዛ? ገና በመጀመሪያው ዓመት፣ ክብሪት በማይረባ ነገር ተናዶ የጻፈው ደብዳቤ ሊያቆራርጣቸው ደረሰ። ያኔ ቀስ በሉ ደንብ አወጣ። «ከእንግዲህ ማንኛውም ደብዳቤ አንድ ሌሊት ሳያድር አይላክም። ጠዋት አንብበነው ሐሳባችን ያው ከሆነ ከግርጌው ‹አድሯል› እንበልበት። አድሯል የማይል ደብዳቤ ከደረሰህ እንዳልተጻፈ ቁጠረው፤ እኔም እንደዚያው።» ክብሪት ስቆ ተስማማ። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ስድብ ጠዋት ተነቦ ምድጃ ገብቷል።

ኋላ አገሩ ለሁለት ተከፈለ። ከወንዙ ወዲያ ያሉት «ለብቻችን እንሁን» አሉ፤ ወዲህ ያሉት «ሞተን እንገኛለን» አሉ። ሰዓት ሠሪው ከወዲያኞቹ ጋር ቆመ፣ ክብሪት ከወዲህኞቹ። በደብዳቤያቸውም ጤና የሚጠይቀው መስመር እያጠረ፣ ስለ መንግሥት የሚከራከረው እየረዘመ ሄደ። ቢሆንም ሁሉም ያደረ ነበርና ተከባብረው ተጣሉ ማለት ይቻላል።

የዚያን ቀን ክብሪት ለአንድ ልጁ የተሰጠውን የወታደር ሱሪ እያጠበበ ነበር። ልጁ በማግስቱ ጦር ሰፈር ይገባል። ደብዳቤው የደረሰው በዚህ መሐል ነው።

«ወንድሜ፣ ደጃችን ላይ ወታደር ሰፍሯል። ልጄ እርጉዝ ናት፣ መውለጃዋም ደርሷል። መንገድ ሳይዘጋ ሦስታችን ብንመጣ ትቀበሉናላችሁ? ካንተ አፍ እሺ ሳልሰማ ግን አልመጣም፤ በሰፈርህ ሰው ፊት ላሳፍርህ አልፈልግም። ይህን ሁሉ ያመጣው የእናንተ ሰዎች ግትርነት መሆኑን ግን ሳልናገር አላልፍም። አድሯል።»

ከዚህ ሁሉ የክብሪት ዓይን ያረፈው ግትርነት የምትለዋ ላይ ነው። የልጁ ሱሪ ጭኑ ላይ ተዘርግቷል። ደሙ ፈላ። ወረቀት ሳበና «ልጄን ሊገድሉ ጠመንጃ ለሚወለውሉ ሰዎች ወዳጅ የሆነ ቤቴ ውስጥ ቦታ የለውም። ከመረጥካቸው ጋር ኑር» ብሎ ጻፈ። ይህም አልበቃው አለ። ወዳጁ ነገሩን እንደ ተለመደው የክብሪት ግንፍልተኝነት አይቶ እንዳይስቅበት፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ከግርጌው «አድሯል» ብሎ ጨመረበት። ከሰዓት በኋላ ወደ ማዶ ለሚሻገረው የፖስታ ከረጢትም እየሮጠ ደረሰ። ምነው ያን ጊዜ እግሩን በሰበረው።

ማታ ለሚስቱ እየፎከረ ነገራት። ሚስቱ ሳህን እያጠበች ሰምታ ሰምታ፣

«መቼ ጻፍከው?» አለችው።

«ዛሬ ነዋ።»

«አድሯል አልክበት?»

ክብሪት ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታ ጀመር።

«ስድቡንስ ይችለዋል፣ ለምዶታል» አለች። «አሁን ግን ዋሸኸው። ልጅቷ እኮ እዚህ እጃችን ላይ ነው ያደገችው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከእጅ የወጣውም ያው ነው። ክብሪት ጠዋት ልጁን ሸኝቶ በቀጥታ ፖስታ ቤት ሄደ። የመስኮቷ ሠራተኛ ራሷን ነቀነቀች። «የትናንቱ ሄዷል አባባ። ዛሬ ደግሞ የመጨረሻው ነው ይላሉ። የሚልኩት ካለ ቶሎ ይበሉ።»

እዚያው ቆሞ ጻፈ። «ኑ። ሦስታችሁም ኑ። የቀደመውን እርሳው። ቤቴ ቤትህ ነው።» ግርጌው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። አድሯል ቢል ሁለተኛ መዋሸቱ ነው፤ ይህን ደብዳቤ ደግሞ ከልቡ ጽፎት ነበርና በውሸት ሊያቆሽሸው አልፈለገም። የመጀመሪያው አላደረም ብሎ ሊናዘዝም ቃጣው። ግን አፈረ። ሲመጣ በአፌ እነግረዋለሁ፣ በዚህ ቀውጢ ጊዜስ ደንብ ማን ያስታውሳል ብሎ ራሱን አጽናናና እንዲሁ አጥፎ ሰጣት።

ሚስቱ የልጃቸውን ክፍል ለእንግዶቹ አሰናዳች። ክብሪት ሥራውን ዘግቶ አውቶብስ ተራ ይውል ጀመር። አንድ ቀን ከማዶ አንድ አውቶብስ በሰውና በጓዝ ተጨናንቆ ገባ። ከሚወርደው ሰው ፊት ለፊት ቆሞ አንድ በአንድ አየ። የመጨረሻዋ አሮጊት ወርዳ ስታበቃ ሹፌሩ ስሙን ጠርቶ የታጠፈ ወረቀት ሰጠው።

«ወንድሜ፣ ሁለቱም ደርሰውኛል። ሁለተኛውን ደብዳቤ ስታነብ ሚስቴ ሻንጣ አውርዳ ነበር፤ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ያላደረ ነው። አውቅሃለሁ፣ ሆድህ ባብቶ ነው የጻፍከው። ያደረው የመጀመሪያው ነው። አስበህበት አድረህ፣ ጠዋትም ቦታ የለኝም ካልክ እውነትህን ነው፤ የልጅ ነገር ነው። እኔ አልተቀየምኩህም። ልጅህን በሰላም ይመልስልህ። አድሯል።»

ክብሪት ወረቀቱን ይዞ ወደ ሹፌሩ ሮጠ። «መቼ ነው የምትመለሰው? እኔም አብሬህ ልሂድ።»

«ወዴት ነው የምመለሰው?» አለ ሹፌሩ። «ድልድዩን ከኋላዬ እኮ ነው የዘጉት።»

ሚስቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። በትከሻው አሻግራ መንገዱን አየች፤ ማንም አልነበረም።

«የት አሉ? አላመኑህም እንዴ?»

«አመኑኝ እንጂ» አለ ክብሪት።