ሽንኩርቱ ሳይቀዘቅዝ

ሃኒ የተሰነጣጠቀውን ሽንኩርት ከእንቁላሉና ከወተቱ ውስጥ አንስታ ዱቄት ላይ ስታንከባልለው አቶ ሳህሌ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከጣቶቿ መካከል ቢጫ ልጋግ ይንጠባጠባል።

"ካልፈለግክ አትይ፣ አባዬ።"

"አላየሁም።"

"አይተሃል። ሎሚ የመጠጥክ ነው የምትመስለው።"

ሽንኩርቱ የሕፃን ራስ ያክላል። ትናንት ከሥራ ስትመለስ ዶራቪል ገበያ ጎራ ብላ አራት መርጣ አምጥታለች። ጫፉን ቆርጣ፣ ልጣጩን ገፍፋ፣ ሥሩን ሳትነካ ከላይ ወደ ታች አሥራ ስድስት ቦታ ሰንጥቃ በረዶ ውሃ ውስጥ ስታስቀምጠው እንደ አበባ ተከፈተ። እስከዚህ ድረስ አቶ ሳህሌን የከፋቸው ነገር አልነበረም። እንዲያውም ቢላዋ አያያዟን ወደውላታል፤ በእናቷ ወጥታለች። ሊጡ ሲመጣ ነው ፊታቸውን ያዞሩት። ከሊጡም የባሰው ማጥቀሻው ነበር። ማዮኔዝ፣ ካቻፕ፣ እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ የሚነድል ከጠርሙስ የወጣ የተፈጨ ነጭ ሥር፣ በላዩ ላይ ደግሞ በርበሬ። ተማስሎ ሲያበቃ የድድ ቀለም ያዘ።

አቶ ሳህሌ ጡረታ የወጡት አትላንታ መሀል ከተማ ባለ አንድ ትልቅ ሆቴል አሥራ ሁለት ዓመት ሳህን አጥበው ነው። እንግዳ ሲበላ አይተው አያውቁም፤ የሚያውቁት በልቶ የተወውን ነው። እንዲህ ያለው ቀላ ያለ ማጥቀሻ ጠርዙ ላይ ደርቆ፣ መሀሉ ላይ የተነከሰ ድንችና የሲጋራ ቁራጭ ተተክሎበት በየቀኑ እፊታቸው ይደርስ ነበር። በጣታቸው ጠርገው ያፈሱታል። ከዚያ ሥራ ከወጡ አራት ዓመት ቢሞላቸውም የሚጠቀስ ምግብ ባዩ ቁጥር ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ ይጠርጋሉ። አሁንም ጠረጉ።

"ሽማግሌ የሚበላው ይኼን ነው?" አሉ።

"ዶሮውም ጥብሱም አለ። ግን እሱ ቡፎርድ ሀይዌይ ካለው ምግብ ቤት የተገዛ ነው፤ የሰው እጅ ነው።" ሃኒ የዘይቱን ድስት አጋለች። "የራሴ እጅ ያለበት አንድ ነገር እንዲቀምሱ ነው የፈለግኩት። ኮሌጅ እያለሁ ስቴክ ቤት ስሠራ የተማርኩት ይኼን ነው። ሌላ ምን እችላለሁ?"

"ጣትሽን አትላሺ።"

"የራሴ ጣት እኮ ነው!"

"ማጥቀሻው ግን የሰው ነው።"

ሃኒ ስቃ እጇን ታጠበች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሕፃን ሆና መጥታ እዚሁ ያደገች፣ ሆስፒታል ላቦራቶሪ የምትሠራ፣ የሚኖሩበትን የሊልበርን ቤት ዕዳ ከአባቷ እኩል የምትከፍል ልጅ ናት። እናቷ ደጊቱ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ዛሬ የሚመጡት ሽማግሌዎች የሚጠይቁት እሷን ነው። ጠያቂው ፊሊሞን የሚባል ባቡር የሚጠግን፣ ቻምብሊ ተከራይቶ የሚኖር ዝምተኛ ሰው ነው። አቶ ሳህሌ በልጁ ላይ የሚያወጡበት እንከን አጥተዋል። ፈልገው ነው ያጡት።

ሃኒ ሰዓቷን አየች። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንመጣለን ብለዋል። በሩ ሲደወል ዘይት ውስጥ እጨምረዋለሁ፣ ሰላምታው እስኪያልቅ ይደርሳል። ፐርፌክት።"

"ሽማግሌ ቃል ሳይቀበል እህል አይቀምስም።"

"አውቃለሁ። እሱ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?"

"ደቂቃ?"

"ይኼ ነገር ያለው አሥር ደቂቃ ነው፣ አባዬ። ከዚያ ይለፈሰፋል፣ ዘይቱን መልሶ ይተፋል፣ አይበላም።"

"አንድ ወር ይፈጃል" አሉ አቶ ሳህሌ።

ሃኒ ማንኪያውን አስቀመጠች።

እሳቸው ያሰቡት እንዲህ ነበር፤ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብለው፣ ሰምተው፣ ዘመድ ላማክር ብለው ለወር መቅጠር። በመጀመሪያው ቀን የተሰጠች ልጅ እንደ ተጣለች ትቆጠራለች። እሳቸው ደጊቱን ሲያስጠይቁ ሽማግሌዎቻቸው ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል፣ አንዴ እንዲያውም ዝናብ መቷቸዋል።

"እንደ ያኔው?" አለች ሃኒ።

ያኔ የዛሬ አራት ዓመት ነው። ለሌላ ሰው ሽማግሌ መጥቶ ነበር። አቶ ሳህሌ ወር ቀጠሩ። ሲመለሱ ደግሞ ሌላ ወር ጨመሩ። ሦስተኛ ጊዜ ማንም አልመጣም። ሰውየው የመኪና ኢንሹራንስ የምትሸጥ ልጅ አግብቶ ሁለት ልጆች ወልዷል። ሃኒ ያን ጊዜም ከዚያም ወዲህ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ዛሬ ብቻ ነው ያነሳችው።

"ያኛው ትዕግሥት አልነበረውም" አሉ።

"እኔም የለኝም። ማክሰኞ ሁለታችንም ኦፍ ነን። ዛሬ ቀጠሮ ከሰጠሃቸው ማክሰኞ ኮርት ሃውስ ሄደን እንፈርማለን፣ ከዚያ ዕቃዬን ወስጄ ቻምብሊ እገባለሁ። አንተ ባለህበት ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።"

"ታስፈራሪኛለሽ?"

"አይ። እየነገርኩህ ነው።"

ድምፅዋ አልጨመረም። እሱ ነው የከበዳቸው። ብትጮህ ይቀላቸው ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ በሩ አልተደወለም። ሃኒ አንዱን ሽንኩርት ቸኩላ ጠብሳ ኖሮ ዘጠኝ ተኩል ላይ እየተዝለፈለፈ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። የዘይቱ ሽታ መጋረጃውንም ሶፋውንም ያዘው። አቶ ሳህሌ የክት ኮታቸውን ክንድ አሸተቱ፤ እሱም ሽንኩርት ሆኗል። ሰባት ዓመት በጥንቃቄ የያዙት ኮት ነው።

አሥር ሊሆን ሲል መጡ። ሦስት ናቸው። መሪያቸው አቶ ገብረእግዚአብሔር ጋዝ ስቴሽን ያላቸው ረጅም ሰው ናቸው። አቶ ወንድሙ በዝምታቸው የታወቁ ናቸው። አቶ ፍስሐ ሌሊቱን ከአየር ማረፊያ ታክሲ ሲነዱ አድረው፣ ጥቂት አሸልበው ነው የመጡት፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

"ይቀመጡ እንጂ።"

"አንቀመጥም፣ አቶ ሳህሌ። ልንለምን ነው የመጣነው፤ ለማኝ አይቀመጥም።"

"ግዴለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ወንበር ሞልቷል።"

ሦስት ጊዜ ተለምነው ተቀመጡ። ያኔ ሃኒ ሽንኩርቱን ይዛ ገባች። ወርቅ መስሎ ቆሟል፤ ቅጠል ቅጠሉ ወደ ውጭ ተዘርግቶ፣ መሀሉ ላይ ማጥቀሻው ተሞልቶ፣ ዘይቱ ገና ይንጫጫል። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጅ ነስታ ወጣች።

"ምንድን ነው?" አሉ አቶ ፍስሐ በሹክሹክታ።

"ጽጌረዳ መሰለኝ" አሉ አቶ ወንድሙ።

አቶ ገብረእግዚአብሔር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከፊሊሞን ቅድመ አያት ጀመሩ። ሰውየው ሐቀኛ እንደነበሩ፣ መሬታቸው የት ድረስ እንደሚደርስ፣ የማን ልጅ ከማን ልጅ እንደተጋባ ዘረዘሩ። አቶ ሳህሌ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡ ነበር፤ ዓይናቸው ግን ሽንኩርቱ ላይ ነው። መንጫጫቱን አቆመ። ወደ አያት ሲደረስ ዳር ዳሩ ያሉት ቅጠሎች እንደ እርጥብ ጨርቅ ዘመሙ። ወደ አባት ሲደረስ ከሥሩ ቡናማ ዘይት ወጥቶ ሳህኑን ዞረው። ማጥቀሻው ላይ ስስ ቆዳ ተጋገረ። አቶ ሳህሌ ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ።

በማድ ቤቱ በር ክፍተት ሃኒ ቆማለች። እሷም የምታየው ሳህኑን ነው።

"...ስለዚህ ልጅዎን ሃኒን ለልጃችን ለፊሊሞን እንዲሰጡን ደጅ ልንጠና መጥተናል" ብለው ጨረሱ አቶ ገብረእግዚአብሔር።

አቶ ሳህሌ ለመመለስ አፋቸውን ከፈቱ። በዚህ ቅጽበት የአቶ ፍስሐ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ሳህኑ ተጓዘ። አንድ ቅጠል ቀነጠሱ፣ ማጥቀሻው ውስጥ ነከሩ፣ ግማሹን ነከሱ። እያላመጡ መሆናቸውን ያወቁ አይመስሉም፤ ዓይናቸው ተከድኗል። ከዚያ የጥርሳቸው ምልክት ያረፈበትን ግማሽ፣ ጫፉ በምራቅ የሚያብለጨልጨውን፣ እንደገና ማጥቀሻው ውስጥ አጠለቁት። ቆዳው ተቀደደ። ሲያወጡት የምትረዝም አንዲት ቀጭን ክር አብራ ወጣች።

አቶ ሳህሌ የወንበሩን እጀታ ያዙ።

"ፍስሐ!" አሉ አቶ ገብረእግዚአብሔር። "ቃል ሳንቀበል?"

አቶ ፍስሐ ነቁ። የቀረችውን አፋቸው ውስጥ ጣሉ፤ ምን ያድርጓት።

"ቁርስ አልበላሁም" አሉ አፋቸው እንደሞላ።

"ምሳም እራትም ሳትበላ ብትመጣስ! አዋረድከን እኮ። ሽማግሌ ነህ ወይስ ድግስ አሳዳጅ?"

"ሽታው ነው፣ ጋሼ። ሽታው ጠራኝ።"

አቶ ወንድሙ ጢማቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። አቶ ገብረእግዚአብሔር ተነስተው ቆሙ፣ ፊታቸው ጠቁሯል።

"አቶ ሳህሌ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። ዛሬ መልስ ይስጡን ለማለት አፍ የለንም። ቀን ይቁረጡልንና በሥርዓት ተመልሰን እንምጣ።"

ያሰቡት ሁሉ በሌላ ሰው አፍ ተባለላቸው። እሺ ማለት ብቻ ነው የቀራቸው። ማንም አይወቅሳቸውም፤ ሊልበርን ውስጥ ያለ ሐበሻ ሁሉ አበጁ ይላቸዋል።

ወደ ማድ ቤቱ አዩ። ሃኒ አላለቀሰችም። የታጠቀችውን ሽርጥ ፈትታ፣ በእርጋታ ሁለት ቦታ አጥፋ፣ እንደገና አጥፋ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው። ከሥራ ቦታዋ በመጨረሻው ቀን እንደምትወጣ ሠራተኛ ነበር አስተጣጠፏ።

"ይቀመጡ፣ አቶ ገብረእግዚአብሔር" አሉ አቶ ሳህሌ። "ቀጠሮ የለም።"

"እንዴት?"

"ሰጥቻለሁ።"

አቶ ፍስሐ ቀድመው "እሰይ!" አሉና እጃቸውን ወደ ሳህኑ ሰደዱ።

"አይነኩትም!" አቶ ሳህሌ ሳህኑን ስበው አነሱት። ዘይቱ ወደ አውራ ጣታቸው ፈሰሰና ሰቀጠጣቸው፤ ግን አልጣሉትም። ከሰውነታቸው አርቀው ይዘው ማድ ቤት ገቡ፣ ሽንኩርቱንም ማጥቀሻውንም ቆሻሻ ውስጥ ገለበጡት። እጃቸውን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠቡ።

ሃኒ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች።

"ስንት ቀረሽ?" አሏት።

"ምኑ?"

"ሽንኩርቱ።"

"ሁለት።"

"ጥበሺ። ማጥቀሻ አዲስ በጥብጪ።" ቁም ሳጥኑን ከፍተው ትንንሽ ስኒዎች እያወጡ ይደረድሩ ጀመር። "ለእያንዳንዱ ሰው በየስኒው ትቀጂለታለሽ። የማንም ጥርስ ከማንም ጥርስ አይገናኝም። ልጁ የት ነው ያለው?"

"ፊሊሞን? መንገዱ ጥግ ላይ፣ መኪና ውስጥ። በዚህ ቀን አይመጣም ብለህ..."

"ጥሪው።"

"አባዬ፣ ደንቡ..."

"ሽማግሌው ከበላ በኋላ ምን ደንብ ቀረ? ጥሪው፣ ሽንኩርቱ ሳይቀዘቅዝ ይድረስ።"

ሃኒ ስልኳን አነሳችና ስኒዎቹን በዓይኗ ቆጠረች። ለሦስቱ ሽማግሌዎች፣ ለእሷ፣ ለፊሊሞን። አምስት።

"የአንተስ?"

አቶ ሳህሌ ቁም ሳጥኑን ዘጉት።

"እኔ ዶሮ እበላለሁ" አሉ።