አሕመዲን ስልክ አያነሳም

ቅዳሜ ጠዋት ዘነበች ከሆሳዕና አንጋጫ ስትደርስ የአባቷ ቤት ተቆልፎ አገኘችው። አቶ ኤርሱሞ በዚህ ሰዓት ከጓሯቸው፣ ከእንሰቱ መሃል አይጠፉም ነበር። በሩን ስታንኳኳ የሰማችው ጎረቤታቸው ገነቴ ከአጥሩ ማዶ ብቅ አለች።

«አባትሽ እኮ ሐሙስ ከሰዓት ነው የሄዱት። አዲሎ ለቅሶ አለብኝ አሉ። አልነገሩሽም እንዴ?»

«የማን ለቅሶ?»

«የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ነው አሉኝ።»

ዘነበች አዲሎ የሚኖር የአባቷን የሥራ ባልደረባ አታውቅም። አባቷ ሲሠሩ የኖሩት እዚህ አካባቢ አይደለም። በጎረምሳነታቸው እንደ ብዙ የከምባታ ልጆች ሸንኮራ ሊቆርጡ መተሐራ ወረዱ፤ ከዚያ ምድር ባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ሆነው ተቀጠሩና አዋሽ ላይ ትዳር ያዙ። ዘነበችም የተወለደችው እዚያው ነው። አሮጌው ባቡር ሥራ ሲያቆም ነው እናቷን ይዘው ወደ አንጋጫ የተመለሱት። እናቷ ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።

ስልካቸውን ሞከረች። ዝግ ነው። ገነቴ ዘንድ የሚቀመጠውን ትርፍ ቁልፍ ተቀብላ ገባች። አልጋው በሥርዓት ተነጥፏል። ካፖርታቸው ከማንጠልጠያው ላይ የለም። ጥግ ላይ ያለውን፣ መድኃኒታቸው እንዳይሞቅ የሚያስቀምጡበትን ሸክላ ማሰሮ ከፍታ እጇን ስትሰድ ጣቷ ቀዝቃዛ ብልቃጥ ነካ። ኢንሱሊናቸው ነው። ይዘው አልሄዱም።

ዘነበች ሆሳዕና አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት። የስኳር ሕመምተኛ ሽማግሌ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ መድኃኒቱን ካልወሰደ ምን እንደሚሆን ማንም እንዲነግራት አያስፈልግም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ገነቴ፣ እስቲ አስታውሺ። ሌላ የተናገሩት ነገር የለም?»

ገነቴ አሰብ አደረገች። «ሰሞኑን ሬዲዮውን ከጆሯቸው አይለዩትም ነበር። ያ የመሬት መንቀጥቀጥ አለ አይደል፣ በነአዋሽ በኩል? እሱን ነበር የሚከታተሉት። ደግሞ ‹አሕመዲን ስልክ አያነሳም፣ አሕመዲን ስልክ አያነሳም› እያሉ ግቢውን ሲዞሩ ነበር።»

ዘነበች ወዲያው ገባት። አሕመዲን የአዋሽ ባቡር ጣቢያ ሰው ነው። ሠራተኛና ዕቃ የምታመላልሰውን፣ ሐዲድ ላይ የምትሄደውን ትንሽ ሞተር ይነዳ ነበር። እናቷ ዘነበችን አምጠው ሲጨነቁ ከአዋሽ ርቆ በረሃ መሃል ባለ የሠራተኞች ቤት ውስጥ ነበሩ። መንገድ የለም፣ መኪና የለም። አሕመዲን እናቷን በዚያች ሞተር ላይ አስተኝቶ፣ አባቷ ጃንጥላ ይዘው ከፀሐይ እየከለሉ፣ ክሊኒክ በር ድረስ አደረሳቸው። ይህን ታሪክ ዘነበች ከልጅነቷ ጀምሮ እየሰማች ነው ያደገችው። ባቡሩ ሲቆም ባልደረቦቹ ሁሉ በየአገራቸው ተበተኑ። አሕመዲን ሚስትም ልጅም የለው፣ አሮጌው ጣቢያ ጎን ካለች አንዲት ክፍል ውስጥ ቀረ።

አባቷ ወደሚንቀጠቀጠው አገር ሄደዋል። የዋሹትም እንዳይከለከሉ ነው።

ኢንሱሊኑን፣ መርፌና የስኳር መለኪያውን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወደ አዲሎ ከተማ ወረደች። መኪና መቆሚያው ጋ ሻይ የምትሸጥ ሴትዮ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ አይታ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«አይቻለሁ። በዚህ ሙቀት ካፖርት ለብሰው ነው ልብ ያልኳቸው። ሐሙስ አመሻሽ ላይ የሻሸመኔ መኪና ተሳፈሩ። ውኃ ሲጠጡ ጉድ ነው! ጆጉን ሙሉ ጨርሰው ድገሚኝ አሉኝ። አሟቸዋል እንዴ?»

ውኃ ጥሙ ያኔውኑ ጀምሯቸው ነበር ማለት ነው። ከአንድ ጭማቂ ቤት በረዶ ለምና አነስተኛ ፔርሙዝ ውስጥ ኢንሱሊኑን አስገባች። ባሏ ታዴዎስ ስትደውልለት ጮኸባት።

«ብቻሽን አዋሽ? ሰው ከዚያ እየሸሸ አንቺ ልትገቢ? ጠብቂኝ፣ ልጆቹን እህቴ ጋ ትቼ ልምጣ።»

«እስክትደርስ አልጠብቅም፣ ታዴ። መርፌውን ሳይወጉ ሦስተኛ ቀናቸው ነው።»

«እሺ፣ ስልክሽን እንዳትዘጊ። በማርያም እንዳትዘጊ!»

ከሻሸመኔ አዳማ፣ ከአዳማ መተሐራ። በየመናኸሪያው የአባቷን ፎቶ ከስልኳ ላይ እያሳየች ጠየቀች። ያየ የለም። መኪና በቆመ ቁጥር ፔርሙዙን ከፍታ በረዶው ምን ያህል እንደቀለጠ ታያለች። ወለንጪቲን ካለፉ በኋላ ከፊት ለፊት ፍራሽ፣ ቆርቆሮ፣ ፍየልና ሕፃን ባንድ ላይ የጫኑ አይሱዙዎች መምጣት ጀመሩ። ሚኒባሱ ውስጥ ወሬው ሁሉ ስለ መሬቱ ሆነ። አንዷ መሬት ተሰንጥቆ እንፋሎት ሲወጣ አየሁ ትላለች፣ ሌላው ፈንታሌ ተራራ ሊፈነዳ ነው ይላል። ዘነበች መስማት አልፈለገችም፤ ግን አንዲት ቃል አላመለጠቻትም።

መተሐራ ሲደርሱ ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። «ወገኖቼ፣ ከዚህ አላልፍም። ሦስት ልጆች አሉኝ።»

መኪና መቀየሪያው ጋ ቆማ ሳለ ከእግሯ ሥር አንዳች ነገር ገፋት። በመጀመሪያ ራሷን ያዞራት መሰላት። ቀጥሎ በጎኗ ባለው ሱቅ ጠርሙሶች ተንጫጩ፤ ሰው ሁሉ ወደ አስፋልቱ ሮጠ። ወዲያው ቆመ። ሰዎቹ እየተያዩ ሳቅ አሉ፣ ለምደውታል። ዘነበችን ግን መመለስ አማራት። ልጆቿ ፊቷ ድቅን አሉባት። ሱራፌል የሚባል፣ አዋሽ ውኃ የሚያመላልስ የቦቴ ሾፌር ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት።

«አባቴን ፍለጋ። አሮጌው ባቡር ጣቢያ።»

«ግቢ፣ እህቴ» አላት። «እኔም ስነዳ ከምተኛ ይሻለኛል። ስነዳ መንቀጥቀጡ አይሰማኝም።»

ጣቢያው በር ላይ ሲያወርዳት ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ሐዲዱ ላይ የቆሙት ፉርጎዎች ቀለማቸው ረግፎ ዝገት ሆነዋል። በብረት እግሮቻቸው መሃል ግራር በቅሎ ቅርንጫፉ በመስኮት ገብቷል። ጠቅላላው ቦታ ጭር ብሏል። «አባዬ!» ብላ ተጣራች። መልስ የለም። እንደገና፣ በሙሉ ድምጿ ጮኸች።

«ማነው የሚጮኸው?» የሚል ድምፅ ከፉርጎዎቹ ማዶ መጣ።

ሮጠች። ሜዳው ላይ፣ ከግድግዳና ከፉርጎ ራቅ ብሎ፣ በአራት እንጨት ላስቲክ ተወጥሯል። ሥሩ ምንጣፍ ላይ አባቷ በጎናቸው ተኝተዋል። አንድ ቀጭን፣ ሽርጥ ያሸረጠ ሽማግሌ አጠገባቸው ተቀምጦ በካርቶን ያራግብላቸዋል።

«ዘነበች ነሽ?» አለ ሽማግሌው። «አልሐምዱሊላህ! አትሞትም ይኸው፣ ልጅህ መጣችልህ!»

የአባቷ ከንፈር ተሰነጣጥቋል፣ ዓይናቸው ጎድጉዷል። ትንፋሻቸው ግን ደህና ነው። «ማን ላከሽ?» አሏት ቀስ ብለው። የጣታቸውን ደም ስትለካው ቁጥሩ ክሊኒክ ውስጥ ብታየው የምትደነግጥበት ነበር። ፔርሙዙን ከፈተች። በረዶው አልቋል፣ ውኃው ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። መድኃኒቱን ስባ የሸሚዛቸውን ጫፍ ልትገልጥ ስትል አባቷ እጇን ያዙ።

«አልወጋም።»

«ምን?»

«አሕመዲን አብሬህ እሄዳለሁ ካላለ አልወጋም። ከትናንት ጀምሮ ስለምነው ነው የቆየሁት። ክፍሉ ግድግዳ ተሰንጥቋል፣ ልስኑ ወድቆ ስልኩን ሰባብሮታል፣ አሁንም እዚያ ገብቼ ልተኛ ይለኛል።»

አሕመዲን ካርቶኑን ወረወረ። «ሰውየው አብዷል! ሐኪም አይደለሽም? በግድ ውጊው!»

«በግድ ብትወጋኝ ነገ አልወጋም» አሉ አባቷ። «ከነገ ወዲያም።»

ዘነበች መርፌውን እንደያዘች ቀረች። አባቷን ታውቃቸዋለች፤ ያሉትን ያደርጋሉ። ወደ አሕመዲን ዞረች።

«ጋሽ አሕመዲን፣ እባክዎን። አባቴ እንዲህ ካደሩ ነገ ራሳቸውን ላያውቁ ይችላሉ። እርስዎ ለምንድነው እምቢ የሚሉት?»

አሕመዲን ወደ ፉርጎዎቹ ተመለከተ።

«ጣቢያው እንዳይወድቅብኝ አይደለም የምፈራው» አለ። «እኔ እዚህ በየቀኑ እጠርጋለሁ። ማንም ጥረግ ብሎኝ አይደለም። ሰው አለበት ተብሎ ነው እስካሁን ሳይፈርስ ሳይዘረፍ የቆመው። ሄጄ ስመለስ ባዶ ሜዳ ባገኝስ? ያኔ እኔ ምን ሠርቼ ነው የኖርኩት?»

አባቷ ሊመልሱለት አፋቸውን ሲከፍቱ መሬቱ ተነሳ። መተሐራ ላይ ካየችው ጋር አይወዳደርም። ከታች እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ መጣ፣ ላስቲኩ የተወጠረበት እንጨት ወደቀ። ዘነበች አባቷ ላይ ተደፋች። የፉርጎዎቹ መያያዣ ብረት ከዳር እስከ ዳር ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያለ አስተጋባ፤ ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰው ባቡር ጉዞ የጀመረ መሰለ። ከጣቢያው በኩል ግድግዳ ሲናድ ሰማች። ከዚያ አቧራ ብቻ።

ቀና ስትል መርፌው አሁንም እጇ ላይ ነበር፤ አልጣለችውም። አሕመዲን ቆሟል። የሚያየው የራሱን ክፍል ነው። የአልጋው ወገን ግድግዳ የለም።

«አሕመዲን» አሉ አባቷ።

«ሰምቻለሁ።»

«አሕመዲን!»

«እሄዳለሁ አልኩህ እኮ!» ብሎ ጮኸ፤ እሄዳለሁ ሲል ግን ገና የመጀመሪያው ነበር። ጉንጩ ላይ አቧራውን ሰንጥቆ እንባ ወረደ። «ውጊው፣ ልጄ። ይሄን ግትር ውጊውና እንሂድ።»

አባቷ ራሳቸው ሸሚዛቸውን ገለጡ።

ያን ምሽት ውኃውን አራግፎ በተመለሰው የሱራፌል ቦቴ ተጠጋግተው መተሐራ ተመለሱ፤ እዚያ ጤና ጣቢያ ለአባቷ ግሉኮስ የሌለበት ፈሳሽ በደም ሥር ተሰጣቸው። እሑድ ቀትር ላይ ስኳራቸው ሲወርድ ዘነበች መንገድ ከጀመረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ቀመሰች። ታዴዎስ አዳማ ድረስ መጥቶ ተቀበላቸው። ሚስቱን ሊቆጣት ያዘጋጀውን ሁሉ ትቶ የአሕመዲንን ፌስታል ተሸከመለት።

አሕመዲን አንጋጫ ብርድ ብርድ እያለው፣ የአባቷን ካፖርት ደርቦ ሁለት ወር ያህል ከረመ። ዓቢይ ጾምና ረመዳን በዚያ ዓመት ስለገጠሙ ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ቤት ውስጥ በየፊናቸው ጾሙ። ዘነበች አባቷ እህል ሳይቀምሱ እንዲውሉ አልፈቀደችም፤ እርሳቸው ግን ሥጋና ወተት አልነኩም። ቀን ቀን እንሰቱ ሥር ተቀምጠው ስለ ሞቱ ሾፌሮችና ስለተገለበጡ ፉርጎዎች ይከራከራሉ። አሕመዲን ማታ ማታ በር ሲዘጋ መሬቱ የተነሳ መስሎት ብድግ ይላል። ቆጡ ላይ አይጥ ሲሮጥ ሁለቱም ወደ ግቢ ይወጣሉ።

ኢድ ካለፈ፣ መሬቱም ረገብ አለ ከተባለ በኋላ፣ አሕመዲን ልሂድ አለ። የከለከለው የለም። ሆሳዕና መናኸሪያ ሲሸኙት ዘነበች አዲስ ስልክ ሰጠችው፣ ገነቴ ቆጮ ቋጠረችለት። ሁለቱ ሽማግሌዎች በትከሻ ተሳሳሙ። አውቶቡሱ በሩን ዘግቶ በአቧራው ውስጥ ሲርቅ አባቷ ከቆሙበት አልነቃነቅ አሉ።

«ፈቃድሽ መቼ ነው?» አሏት።

«የምን ፈቃድ?»

«የሥራ ፈቃድ ነዋ። ያን ግድግዳ ብቻውን አያቆመውም።»

ዘነበች ክንዳቸውን ይዛ ወደ አንጋጫው ሚኒባስ መራቻቸው፤ ፔርሙዙን የት እንዳስቀመጠችው ግን ከወዲሁ ማሰብ ጀመረች።