በደንብ ይሰማል፣ ዶክተር

«ቀብሩ ላይ ያልተገኘነው ግምገማ ላይ ስለነበርን ነው» አለ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጌዲዮን፤ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ የያዘው ሰው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። ከኋላው ከረባት ያሰሩ ባልደረቦቹ ተደርድረዋል። «እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ እታገኝ።»

እታገኝ ከፍራሹ ላይ ቀና አለች። የባሏ የአያና ሣልስት ነው። ከለቅሶው በላይ እንቅልፍ የነሣት አንድ ጥያቄ ነበር፤ መላሹ ይኸው በእግሩ መጣላት።

«ያ ዶክተር ምን አለው?»

«የትኛው ዶክተር?»

«በስክሪን ያናገረው።»

«እ! ጥሩ ነገር ነው ያለው። ሪፖርቱ ላይ ስኬታማ ተብሎ ገብቷል።»

አጠገቧ የተቀመጠችው ጎረቤቷ ባለሱቋ ሐጀራ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ሰውየው ተቀብሮ፣ የተሳካው ለማን ነው?»

አያና በጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ሲጠግን አርጅቶ ጡረታ የወጣ፣ ከረባት ላሰረ ሁሉ ከመቀመጫው የሚነሣ ሰው ነበር። «ሙሽራ ባለፈ ቁጥር ልትነሣ ነው?» ትለው ነበር እታገኝ። «ብነሣ ምን ይጎድልብኛል?» ይላታል። ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ ቆሞ ትንፋሽ መሰብሰብ ከጀመረ በኋላ እንኳ ይነሣ ነበር።

የሚሌኒየሙ ሰሞን ለጤና ጣቢያው ቴሌሜዲስን የሚባል ነገር መጣለት። መሀል ከተማ የተቀመጠ የልብ ሐኪም አቃቂ ያለውን በሽተኛ በስክሪን ያክማል ተባለ። ለምርቃቱ በሽተኛ ተፈለገ። የልብ በሽተኛ ሞልቶ ሳለ አያና የተመረጠው ንጹሕ ሱፍ ስላለው ነበር። በዕለቱ ግን ሱፉን አስወልቀው ባዶ ደረቱ ላይ ገመድ ለጠፉበት።

እታገኝ የተጋባዥ ባጅ ስላልነበራት በር ላይ ቀረች። ከውስጥ የሰማችው ጭብጨባ ብቻ ነው። ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር።

«ምን አለህ?»

«የሆነ ነገር ብሎኛል፤ ጭብጨባው ዋጠው እንጂ። ወዲያው ደግሞ መስመሩ ተቋረጠ። ኃላፊውን እጠይቃለሁ።»

ሊጠይቅ ተመላለሰ። የስክሪኑ ክፍል ተቆልፏል፤ ቁልፉ ጌዲዮን ኪስ ውስጥ ነው፤ ጌዲዮን ስብሰባ ላይ ነው። ሐኪሙ በማግስቱ ደውሎ እንደሆነም የሚያውቅ የለም፤ ስልኩ ያለው የተቆለፈው ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ቀን አያና በመስኮት አጮልቆ አይቶ፣ «ስክሪኑን አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል አልብሰውታል እኮ» እያለ እየሳቀ መጣ።

እሷ ግን ሳቅ አልመጣላትም። «ተነሥ፣ ትልቁ ሆስፒታል እንሂድ።»

«ስፔሻሊስት አይቶኝ እያለ? ሰዎቹን ማሳፈር ይሆናል።»

ከዚያው ጤና ጣቢያ ሲመለስ ነው ባጃጅ መጠበቂያው ላይ ዐረፍ ያለው። ባጃጁ ቢመጣም አልተነሣም።

ጌዲዮን አሁን ከኮቱ ኪስ የተሸፈነ ሲዲ አወጣ። «የምርቃቱ ፊልም ነው። ለቤተሰቡ መታሰቢያ ይሆናል ብለን። ሙዚቃም ገብቶበታል።»

እታገኝ ሲዲውን ተቀብላው ወደ ቤት ገባች፤ ሰዎቹም ተከተሏት። ቴሌቪዥኑ ላይ የተጣለውን ጥቁር ጨርቅ ስትገፍፈው ባልቴቶቹ ጮኹ።

«በለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን? ኧረ ነውር ነው!»

«ተዉአት» አለች ሐጀራ፤ ሲዲውንም ራሷ ዴኩ ውስጥ ከተተችው።

ሙዚቃው መጣ። ንግግሩ መጣ። ሪባኑ ሲቆረጥ መቀሱን በትሪ ይዞ የሚቁለጨለጨው ጌዲዮን ነው። ከዚያ አያና፣ ደረቱ ገመድ በገመድ ሆኖ፣ ከስክሪኑ ፊት ተቀምጦ ታየ። ካሜራው የቆመው ከድምፅ ማጉያው ሥር ስለነበር የሐኪሙ ቃል ጥርት ብሎ ይሰማል።

«ይሰማል?» አለ ሐኪሙ።

«በደንብ ይሰማል፣ ዶክተር!» አለና የፊልሙ ጌዲዮን ወደ ተጋባዦቹ ዞሮ እንዲያጨበጭቡ እጁን አነሣ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ሐኪሙ አቀርቅሮ የልብ ምቱን እያየ ይናገር ነበር።

«ይኼ ሰው ወደ ቤት አይመለስ። ዛሬውኑ በአምቡላንስ ላኩልኝ፣ አልጋ አዘጋጃለሁ። ሰማችሁኝ?»

ጭብጨባው ደመቀ። የሐኪሙ ፊት ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ።

ጌዲዮን ይህን ፊልም ስንቴ አይቶት ይሆን? ያየው ግን ራሱን ነው። መቀሱን፣ ትሪውን፣ ከረባቱን። አሁን ጉሮሮውን ጠራረገ። «ያኔ የኔትወርክ ችግር ነበር። በአሁኑ ሰዓት ተቀርፏል።»

እታገኝ አንድ ስድብ ልትወረውርበት አፏን ከፈተች፤ ለእሱ የሚመጥን ትንሽ ስድብ አጥታ ዘጋችው። ሐጀራ ናት በሩን የከፈተችላቸው።

«ሂዱ እንጂ፣ ስብሰባው እንዳይረፍድባችሁ።»

ከረባቶቹ ተራ በተራ ወጡ። ፊልሙ ቀጥሏል። አያናም ያጨበጭብ ነበር፤ ገመዶቹ እንዳይላቀቁ ክንዶቹን ሰብስቦ፣ ፈገግ ብሎ፣ ከሁሉም በላይ ረዘም አድርጎ። ሌሎቹ ሲያቆሙ እሱ ገና ነበር።

እታገኝ ቴሌቪዥኑ ፊት ተንበረከከች። መዳፏን ዘርግታ የሚያጨበጭቡት እጆቹ ላይ አኖረችው።

«በቃ» አለችው። «በቃ፣ አያናዬ።»

ፊልሙ እስኪያልቅ መዳፏን አላነሣችም።